በቴሌግራፍ መንገድ ማንም ያልቀደማት ፖንቲያክ

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬ ከተገኘሁ ቀኝ እጄ ይድረቅ፤ እሱ ካነሰ ግራውንም ጨምሩበት። እ.ኤ.አ. በ1970 በጋ፣ እኔ የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ የእህቴ የቨርና እጮኛ ዴልበርት አረንጓዴ ፖንቲያክ መኪናውን ይዞ ዲትሮይት አጠገብ ባለው ቴሌግራፍ መንገድ ላይ ከአንድ የዲርቦርን ከተማ ሀብታም ልጅ ጋር ተወዳድሯል፤ እኔም ከጎኑ ተቀምጬ ነበር። መብራቱ አረንጓዴ ሲበራ ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ። ሸሚዜ በላብ ርሶ ቆዳዬ ሆነ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ትመታ ነበር። የመንገዱ መብራቶች አንድ በአንድ ከላዬ እያለፉ ሄዱና በመጨረሻ አንድ ረጅም ብርሃን ሆኑ፤ የፍጥነት መቁጠሪያው መርፌ መቶ ስልሳ ማይል ላይ ቁጥር አልቆበት የሚሄድበት አጣ። የዲርቦርኑን ልጅ ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው የለም፤ ከነቤተሰቡ ወደ ካናዳ እንደተሰደደ ነው የሚወራው። የመኪናዋ ካታሎግ ሞተሯ ሦስት መቶ ሃምሳ የፈረስ ጉልበት አለው ይላል። ካታሎግ የሚጽፉ ሰዎች መኪና አይነዱም። እኔ ስድስት መቶ እላለሁ፤ ያውም ሰው እንዳይደነግጥ ቀንሼ ነው።

አሁን የማወራው መኪናዋ ለሽያጭ ስለቀረበችበት የመጨረሻ ቀን ነው። ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሊንከን ፓርክ ከተማ ወዳለው የእህቴ ቤት በኋላ በር ስገባ ቨርና የባሏን ጸጉር ሳህን ማጠቢያው ላይ እያጠበች አገኘኋት። የዊልቸሩን ጀርባ ወደ ማጠቢያው አዙራ፣ አንገቱ ስር ፎጣ ጠቅልላ፣ በሾርባ ድስት ለብ ያለ ውሃ እየቀዳች ታፈስበታለች። ከግንባሩ የሚወርደው ውሃ ዓይኑ እንዳይገባ በግራ መዳፏ ትከልለዋለች። ከማጠቢያው ወዲህ ትናንት የተበላበት ሳህን፣ ግማሽ ሽንኩርትና የመድኃኒት ብልቃጥ ተደርድሯል። ዴልበርት ዓይኑን ጨፍኗል። ያን ትልቅ ሰው፣ በአንድ እጁ የመኪና በር ተሸክሞ ሲጋራ የሚለኩሰውን ሰው፣ እንደ ሕፃን አንገቱን ደግፈው ሲያጥቡት ማየት ለእኔ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ምንም የማልፈልገውን ነገር ስፈልግ ቆየሁ።

ዴልበርት በመጋቢት ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝም፤ ቃል የሚያወጣው አልፎ አልፎ ነው፣ ያውም ተፈልጎ የመጣ እንግዳ ይመስል በብዙ ልመና። ቤቱ ፎቅና ምድር ነው፤ መታጠቢያ ቤቱና ሽንት ቤቱ ፎቁ ላይ ናቸው። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ የሆስፒታሉ ዓይነት አልጋ የምግብ ክፍሉ ውስጥ ገብቷል፣ የምግብ ጠረጴዛው በጎኑ ተገትሮ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤ ማለፍ የፈለገ ሰው እንደ ሸርጣን በጎኑ መሄድ አለበት። የሰርጋቸው ዕለት የተሰጣቸው ሰማያዊ ሳህን ይቀመጥበት በነበረው ቁም ሳጥን ውስጥ አሁን የአዋቂ ዳይፐርና የጎማ ጓንት ነው ያለው። ቨርና ስልሳ አምስት ዓመቷ ነው። ጀርባዋን የጨረሰችው እሱን እያነሳች ነው። አንድ ቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ የኋላውን በረንዳ ዘግቶ ዊልቸር የሚያስገባ መታጠቢያ ቤት አድርጎ እንደሚሠራው ነግሯታል፤ አሥራ አራት ሺህ ዶላር። ኢንሹራንሱ የዚህን ሳንቲም አይከፍልም። ልጃቸው ጆሊን ደግሞ ኢንዲያናፖሊስ ተቀምጣ በስልክ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ አግኝታለች፤ አልጋውን የያዙላቸው እስከ ሰኞ ጠዋት ብቻ ነው። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፦ ፖንቲያኳ ዛሬ ወይ ነገ ካልተሸጠች ዴልበርት ሰኞ ከዚህ ቤት ይወጣል፤ ወጥቶ የሚመለስ እንደማይመስል ደግሞ ሁላችንም እያወቅን ማናችንም አላልነውም።

"ልሸጣት ወይ ብዬ ሦስቴ ጠየቅኩት" አለችኝ ቨርና፣ ጸጉሩን በፎጣ እያሸች። የምታወራው እሱ እንደሌለ አይደለም፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ እሱም እንዲሰማ ነው። "ሦስቴም መስኮት መስኮት አየ። ውክልናው እጄ ላይ ነው፤ ልፈርም እችላለሁ። ግን አንድ ጊዜ እሺ ቢለኝ፣ በራሱም ቢነቀንቅ፣ ምን ነበረበት?"

"ዝም ማለት እሺ ማለት ነው" አልኳት።

"ያንተን ዝምታ አይቼ ስለማላውቅ ምን ማለት እንደሆነ አልፈርድም።"

ዴልበርት ዓይኑን ከፈተ፤ ጣሪያውን አየ፤ መልሶ ጨፈነ። ቨርና ሸሚዙን ታለብሰው ጀመር። በሽተኛውን እጅ መጀመሪያ፣ ጤነኛውን ቀጥሎ። ይህን ከነርሶቹ ነው የተማረችው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈችለት።

ከመስከረም ጀምሮ መኪናዋን ሊያዩ የመጡት ሰዎች ብዛት ዲትሮይት ውስጥ ስታዲየም ይሞላል። አንዱ ከኦሃዮ፣ አንዱ ከፔንሲልቬንያ፣ አንዱ ደግሞ አነጋገሩን ስሰማው ከንጉሣውያን ቤተሰብ ሳይሆን አይቀርም። ሁሉንም ያስተናገድኩት እኔ ነኝ፤ የምሠራበት ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ ሥራዬ የሰው ሥራ ማማከር ነው። ሁሉም መጀመሪያ ዓይናቸው ይበራል፣ እኔ የቴሌግራፉን ውድድር እነግራቸዋለሁ፣ ይስቃሉ፣ ትከሻዬን ይመታሉ፣ "እናስብበት" ብለው ይሄዳሉ። እያሰቡበት ነው ማለት ነው። ታላቅ ነገር ማሰቢያ ጊዜ ይፈልጋል።

"ዋልት" አለች ቨርና የባሏን ጸጉር እያበጠረች። "የዛሬው ሰውዬ የመጨረሻው ነው። ከግራንድ ራፒድስ ድረስ ተሳቢ ጎትቶ ነው የሚመጣው። ሁለት ነገር ልለምንህ። አንደኛ፣ መኪናዋን እንዳትነካት፤ ሞተሯን ቀዝቃዛ አቆዩልኝ ብሎ በስልክ አደራ ብሎኛል። ሁለተኛ፣ ያን የውድድር ወሬህን አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ።"

"ወሬ? ታሪክ ነው እንጂ! ዋጋ የሚጨምረው እሱ አይደል?"

"አንተ ልጅ፣ ሃምሳ አምስት ዓመት ሞላህ። አፍህን አንድ ቀን አሳርፈው፤ እሱም ደክሞታል።"

እሺ አልኳት። እሺ ስል ከልቤ ነው። ነገር ግን እዚህ አካባቢ፣ ከዲትሮይት ወንዝ በታች ባሉት ከተሞች፣ ወንድ ልጅ መኪና እንግዳ ፊት ሲያቀርብ ቀዝቃዛ አያቀርብም። የአባቶቻችንም የእኛም ወግ ነው፤ ሚስትህን ሳታበጥር እንግዳ ፊት እንደማታወጣት ማለት ነው። ጥቅምት ላይ አሮጌ ሞተር ቀዝቅዞ ሲነሳ ያስላል፣ ያጨሳል፣ አንዳንዴም ያኮርፋል። ከሩቅ የመጣ ሰው ያን ሳል ሰምቶ እንዲመለስ ነው እንዴ? ስለዚህ ቨርና ለዴልበርት ገንፎውን ስታበላ እኔ ጋራዡ ውስጥ ገባሁ። ሸራውን ገለጥኩት። በውስጡ ያለው ሽታ፣ የዘይትና የድሮ ወንበር ሽታ፣ ሁልጊዜ ወደ ልጅነቴ ይመልሰኛል። ቁልፉን ጠመዘዝኩ፤ ሁለቴ አሳለች፣ ከዚያ ያ ድምጽ መጣ። መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ። የሰፈሩ ውሾች ሁሉ ዝም አሉ። ምናልባት ሃያ ደቂቃ አቆየኋት፤ ምናልባት አርባ። በማድ ቤቱ መስኮት በኩል ሳይ ዴልበርት ማንኪያውን አፉ ላይ አስቁሞ ፊቱን ወደ ጋራዡ አዙሯል። ቨርና ደግሞ እኔን ነበር የምታየኝ። ማንኪያውን በቀስታ አስገባችለትና አገጩን ጠረገችለት። ቢሰድቡኝ እመርጣለሁ።

ከምሳ በፊት ጆሊን ደወለች። ቨርና እጇ ስላልተለቀቀ ስልኩን ጮክ አድርጋ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው፤ የቱና ሳንድዊች እየሠራች ነበር፣ ለእኛም ለሚመጡትም።

"እማዬ፣ አስበሽበታል?"

"እያሰብኩ ነው፣ የኔ ልጅ።"

"ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ካላረጋገጥን አልጋውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ቦታው ቆንጆ ነው እኮ። ዓሣ ያለበት ገንዳ ሁሉ አለው። አንቺስ ብትወድቂ? እሱን አንስተሽ ስትወድቂ ማን ያነሳሻል?"

"ዋልት አለ።"

ስልኩ ውስጥ ዝምታ ሆነ። ከዚያ ጆሊን፣ "እሺ እማዬ" አለች፤ እኔ ግን ያቺን ዝምታ ሰምቻታለሁ። ቨርና ማዮኔዙን ዳቦው ላይ እስከ ጠርዙ ድረስ ትቀባ ጀመር፤ አንድም ባዶ ቦታ ሳይቀር፣ ሥራዋ ሁሉ እሱ ይመስል። ጨርሳ ቢላዋውን አስቀመጠችና በሁለት እጇ መደርደሪያውን ተደግፋ ትንሽ ቆመች። ወገቧን ነው። ወንበር ልሳብልሽ ስላት፣ "ከተቀመጥኩ አልነሳም" አለችኝ።

ሰውዬው በሰዓቱ መጣ። ሚስተር ዳይክስትራ ይባላል። ረጅም፣ ቀይ፣ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ ጉሮሮው የቆለፈ፣ ድምጹን ከፍ ማድረግ ኃጢአት የሚመስለው ሰው ነው። ፒካፑ ውስጥ ሚስቱ ተቀምጣለች፤ ቡና በፔርሙዝ ይዛ የጋዜጣ እንቆቅልሽ ትሞላለች፣ ግቡ ስንላትም በእጇ እዚሁ ይሻለኛል አለችን። ቨርና ዴልበርትን ኮፍያውን አድርጋለት፣ እግሩን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ በኋላ በር አውጥታ ጋራዡ ደጃፍ ላይ ፀሐዩ ጋ አቆመችው። ሚስተር ዳይክስትራ መጀመሪያ ወደ መኪናዋ አልሄደም፤ ወደ ዴልበርት ሄዶ ጎንበስ አለና ግራ እጁን ጨበጠው። "ጌታዬ፣ መኪናዎን እንዳይ ይፈቅዱልኛል?" አለው። ዴልበርት አየው። ራሱን አልነቀነቀም፤ ግን መስኮት መስኮትም አላየም።

ከዚያ ሰውዬው ወደ ፖንቲያኳ ተጠጋና፣ ሌላ ምንም ሳይነካ፣ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። እንደ ሐኪም። ትንሽ አቆየውና አነሳው።

"ሞቃለች" አለ።

"ፀሐዩ ነው" አልኩት።

ፀሐዩን አየ። ፀሐዩ ጋራዡ ውስጥ አይገባም። "እመቤቴ፣ በስልክ ለምኜዎት ነበር" አላት ቨርናን፣ በጣም በትሕትና። "ሞተር በብርድ ሲነሳ ነው እውነቱን የሚናገረው። ቀድሞ ያሞቀ ሰው የሚደብቀው ነገር አለ ብዬ ነው የማስበው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ቨርና ፊቷ ቀላ። "የሚደበቅ ነገር የለም" አለች። እኔ ነኝ ያሞቅሁት አላለችም፣ እሱ ነው አላለችም። የብርድ ልብሱን ጫፍ አስተካከለች።

ሰውዬው ግን አልሄደም፤ ብዙ መንገድ መጥቷል። ቨርና ያቀረበችለትን ሳንድዊች ቆሞ በላና እጁን ጠረገ። ከኪሱ በልጅ ካልሲ ውስጥ ያስገባውን ማግኔት አወጣ፤ ቀለሙን እንዳይጭረው ነው ካልሲው። በፓራፋንጎው፣ በበሮቹ፣ ከጎማዎቹ በላይ ባለው ጥምዝ ላይ ሁሉ ቀስ እያለ አንሸራተተው። ብረቱ ዝጎ በስቱኮ ልስን የተለጠፈ ከሆነ ማግኔቱ ይወድቃል። የትም አልወደቀም። ካርቶን አንጥፎ ከስሯ ገባ፤ እግሩ ብቻ ውጭ ቀርቶ ለረጅም ጊዜ ድምጽ አላሰማም። ሲወጣ ፊቱ ተለውጧል። ወንበሮቹን ዳሰሰ፣ የእግር ምንጣፉን አነሳ፣ የማርሹን ዘንግ በሁለት ጣት ወዲያ ወዲህ አለው። "ይህን ሰው አከብረዋለሁ" አለ ወደ ዴልበርት እያየ። "እንዲህ ተይዛ አይቼ አላውቅም።" የጠየቅነው ሠላሳ ሁለት ሺህ ነበር። ኮፈኗ ስለሞቀ፣ ቀዝቃዛ ሳለች ሳያያት ስለቀረ፣ ሃያ ስድስት እሰጣለሁ አለ። ቨርና ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። ለቧንቧ ሠራተኛው ይበቃል፣ ለሌላም ይተርፋል። እሺ ልትል አፏን ስትከፍት አየኋት።

እዚህ ላይ ማንም ሰው በእኔ ቦታ ሆኖ ያስብ። ስድስት ሺህ ዶላር የጠፋው በእኔ እጅ ነው። እህቴ ፊት፣ ያ ሁሉ ድካም ያለባት እህቴ ፊት፣ ስድስት ሺህ ዶላር አቃጥዬ ቆሜያለሁ። የምመልስበት መንገድ ደግሞ አንድ ብቻ ነው ያለኝ፤ በዓለም ላይ ከእኔ በቀር ማንም የሌለው።

"ሚስተር ዳይክስትራ" አልኩት፣ "የሚገዙት ብረት መስሎዎታል። የሚገዙት ታሪክ ነው።"

"ዋልት" አለች ቨርና።

አላቆምኩም። ከመብራቱ ጀመርኩ። የዲርቦርኑን ልጅ አመጣሁት፣ የቆዳ ጓንቱን አጠለቅኩለት፣ ጥቁር መኪናውን አስጮህኩ። ጀርባዬ እንዴት ወንበሩ ላይ እንደተለጠፈ፣ ዴልበርት ማርሹን ሲጥል መኪናዋ እንዴት እንደዘለለች፣ መብራቶቹ እንዴት አንድ እንደሆኑ ነገርኩት። መቶ ሰባ ማይል አልኩት፤ ዕለቱ የሚፈልገው እንደዚያ ነበር። አንድ ፖሊስ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳን አልኩት። ያን በጋ በየሳምንቱ ዓርብ እንወዳደር ነበር፣ አንድም ጊዜ አልተሸነፍንም አልኩት። እንደዚያ ቀን አሳምሬ ተናግሬው አላውቅም። ስጨርስ ሚስቱ እንኳ የፒካፑን መስኮት ዝቅ አድርጋ ትሰማ ነበር።

ሚስተር ዳይክስትራ ማግኔቱን ካልሲው ውስጥ አስገባ። ካልሲውን ጠቀለለው። "በየሳምንቱ?" አለኝ።

"በየሳምንቱ!"

"እግዜር ይስጥልኝ ስለነገሩኝ" አለ፤ ከልቡ ነበር። ከዚያ ወደ ቨርና ዞረ። "እመቤቴ፣ ካቻምና እንዲህ ያለች መኪና ከኦሃዮ ገዛሁ። ላይዋ እንደዚህች ነበር፣ የሚያንጸባርቅ። በልጅነቷ መንገድ ላይ በውድድር የተገረፈች ነበረች፣ አልነገሩኝም። በወሩ ሞተሯ ውስጥ ያለው ዘንግ ተሰነጠቀ፤ ፍሪሲዮኑም ማርሹም ተከታትለው ሄዱ። ያጠራቀምናትን ሁሉ በላችብን። አሁን የምፈልገው አንድ ሰላማዊ ሰው ወደ ሥራ የነዳትን ብቻ ነው። ወንድምዎ የሚሉት እውነት ነው?"

ቨርና እኔን አየችኝ። እንዲያ አይታኝ አታውቅም። ውሸት ነው ብትል በቃ፣ ሁለት ቃል፤ ሰኞ፣ በረንዳው፣ መታጠቢያ ቤቱ፣ ሁሉም በእነዚያ ሁለት ቃላት ላይ ቆሞ ነበር። ግን በማታውቀው ሰው ፊት ወንድሟን ውሸታም ልትለው ነው። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከንፈሯን ነከሰች።

"እኔ... አብሬያቸው አልነበርኩም" አለች።

"ገባኝ" አለ ሰውዬው። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳንድዊቹም ጥሩ ነበር።" የዴልበርትን ግራ እጅ እንደገና ጨበጠና ወደ ፒካፑ ሄደ። ሚስቱ መስኮቱን ዘጋች። ሞተሩ ተነሳ፤ ባዶው ተሳቢ ከኋላ ተንኮሻኮሸ። ቨርና እጆቿን ቁልቁል ለቃ ቆመች። አላለቀሰችም፤ ለቅሶም ጉልበት ይፈልጋል። ጋራዡ ግድግዳ ስር ወዳለው የተገለበጠ ባልዲ ሄዳ ተቀመጠችበት። ከተቀመጠች እንደማትነሳ ነግራኝ ነበር። እኔ የሆነ ነገር ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልነበረበትም።

"ቆይ" አለ አንድ ሰው።

ማን እንደሆነ ወዲያው አላወቅነውም። ድምጹ የተዘጋ በር እንደሚከፈት ያለ ነበር። ዴልበርት ግራ እጁን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ ወደ ፒካፑ ዘርግቷል። ቨርና ከባልዲው ተነስታ ሮጠች፤ እንዴት እንደተነሳች አላየሁም። የፒካፑን በር በመዳፏ መታችው። ሚስተር ዳይክስትራ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፣ ዊልቸሩ ፊት ለፊት በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ፤ ኮፍያውን አውልቆ ያዘ።

ዴልበርት ለረጅም ጊዜ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ቃሉን ከሩቅ እየጎተተ ነበር፤ ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። ቨርና ልትረዳው "ምን፣ ዴል፣ ውሃ ነው?" አለችው። በእጁ ዝም በይ አላት።

"አልተወዳደርኩም" አለ።

ሚስተር ዳይክስትራ ጆሮውን አስጠጋ።

"አንድም ቀን። እፈራ ነበር።" አረፈ። "ስልሳ ማይል... አላለፍኩም። ወደ ሥራ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን። በቃ።" ከዚያ ወደ ቨርና ዞረ፤ ጤነኛው ዓይኑ ርሷል። "ሽጫት፣ ቨርና። ሽጫት።"

ቨርና ብርድ ልብሱ ላይ ተደፋች። ሚስተር ዳይክስትራ ከተንበረከከበት ተነሳ። ከእኛ ሰፈር ወንዶች መካከል እንዲያች ያለች መኪና ይዞ እፈራ ነበር የሚል ሰው እንደማይገኝ እሱም ያውቃል መሰለኝ፤ ምክንያቱም ሲናገር ድምጹ ተለውጦ ነበር። "ሠላሳ ሁለት" አላት ቨርናን፣ "እንደተጠየቀው።" ሚስቱ ከፒካፑ ወርዳ የተሳቢውን መወጣጫ ትፈታ ጀመር። ከዚያ ሰውዬው፣ ሊያሳፍረኝ ሳይሆን ነገሩ ስላልገባው፣ ወደ እኔ እየጠቆመ ዴልበርትን በቀስታ ጠየቀው፦

"ታዲያ እኚህ ሰው ከጎንዎ ተቀምጬ ነበር የሚሉት?"

"አስታውሳለሁ እኮ" አልኩ፣ "ሸሚዜ ርሶ፣ መብራቶቹ ከላዬ..."

ዴልበርት አየኝ። አልተቆጣም። ልጅ ሳለሁ ያየኝ በነበረው ዓይን ነው ያየኝ።

"ዋልት ታሞ ነበር" አለ። "በጋውን ሙሉ። ትኩሳት። ልቡን። ዶክተሩ... አይነጋለትም አለን። ቨርና ታለቅሳለች። እኔ አልጋው አጠገብ... ምን ልበለው? መኪናዋ ውስጥ አስገባሁት። በአፌ።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "ከጎኔ አስቀመጥኩት። እንዲያሸንፍ ብዬ።"